ባሕር ማዶ የቀረን ዘመድ በመዝገብ እንዴት እንደሚፈልጉ

በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አለ፦ ሰፊ ክራባት፣ ጎፈር ያለ ጸጉር፣ ከጀርባ የፎቶ ቤት መጋረጃ። «ይህ ማን ነው?» ሲባል «የአባትህ ታላቅ ወንድም ነው፤ አሜሪካ ገብቶ ቀረ» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። በእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። አጎቴ በ1971 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። ከካርቱም አንድ ደብዳቤ፣ ከአሜሪካ አንድ ፖስት ካርድ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዱካውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሁለቱ አንዱ የባከነው በትክክለኛ ስሙ ስለፈለግሁት ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት ወደ አሜሪካ ለሄዱት ነው፤ የተማሪዎቹንም የስደተኞቹንም ዘመን ይመለከታል። የአሜሪካ መዝገብ ከብዙ አገሮች ይልቅ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከእኛም ሰው ብዙው እዚያ ነው። ስለ አውሮፓና ስለ እስራኤል ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ።

፩. ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት

መጀመሪያ የሚፈተሸው የእናቶች ሣጥን ነው። ደብዳቤ ሲያገኙ ጽሑፉን ብቻ አንብበው አይመልሱት፤ ፖስታውን ይፈልጉ። በቴምብሩ ላይ የተመታው ክብ ማኅተም የከተማውን ስምና ቀኑን ይይዛል። የአጎቴ ፖስት ካርድ ፊት ለፊቱ የአንድ ታላቅ ከተማ ሕንጻዎች ፎቶግራፍ ነበረበት፤ ቤተሰቡም ሁሉ አርባ ዓመት ያህል «እዚያ ከተማ ነው ያለው» ሲል ኖሯል። ማኅተሙ ግን ደብዝዞ ነበር። ካርዱን በመስኮት አጠገብ አጋድሜ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሳጎላው የወጣው የሌላ ክፍለ ግዛት ትንሽ ከተማ ስም ነው።

ፎቶግራፎቹንም ገልብጠው ይዩ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ቀን፣ የአንድ ጓደኛ ስም ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ። «የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ «እኛ ምን እናውቃለን» ከሚል መልስ በቀር ነገር አያመጣም። ይልቅ ከማን ጋር እንደወጣ፣ የት እንደተማረ፣ ምን ሙያ እንደነበረው፣ እዚያ ማን እንደተቀበለው፣ ማግባቱ ተሰምቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የአባቱን፣ የአያቱንና የእናቱን ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ የቤት ስሙንም ይመዝግቡ። አብሮ የወጣ ሰው መኖሩን ካወቁ ግማሽ መንገድ ሄደዋል፤ ብዙ ጊዜ ከጠፋው ይልቅ አብሮት የጠፋው ቀድሞ ይገኛል። የሚነገርዎትን በተነገረዎት ቃል ይጻፉት። አሁን ትርጉም የሌለው የሚመስል ነገር በኋላ አንድ መዝገብ ላይ ሲደርሱ ቦታውን ያገኛል።

፪. ስሙን ያፍርሱት

የእኛ ስም በፈረንጅ ቅጽ ልክ አልተሰፋም። እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም አለን፤ ቅጹ የሚጠይቀው ግን የቤተሰብ ስም ነው። ጸሐፊውም ስደተኛውም ተጣድፈው በሚሞሉት ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። አንዳንዴ የአያት ስም እዚያ ይገባና የአባት ስም መሐል ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ሰውየው በአባቱ ስም ሲጠራ ይኖራል።

የከፋው ሁለት ቃል የሆነው ስም ነው። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ኢየሱስ፣ ተክለ ሃይማኖት የመሰሉት በመዝገብ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃሉ፤ «ገብረ» የመሐል ስም፣ «ሥላሴ» የቤተሰብ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛው ራሳችን በሕዝባር «ገ/ሥላሴ» ብለን የምናሳጥረው ደግሞ በላቲን አንዲት ፊደል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የአያቴ ስም በ«ገብረ» የሚጀምር ነው። አጎቴን አንድ ዓመት ሙሉ በሙሉው ስም ስፈልገው፣ እሱ በስሙ ሁለተኛ ግማሽ ተመዝግቦ ነበር።

ሦስተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። «ጸ» በቲና ኤስ ሊጻፍ ይችላል፤ በኤስ ብቻም ይጻፋል። «ቀ» በኬም በኪውም ይመጣል። ሳድስ ፊደል አንዱ ዘንድ በአይ፣ ሌላው ዘንድ በኢ፣ ሌላው ዘንድ ያለ አናባቢ ነው። «ኃይለ» ላይ መሐሉ አይ ነው ዋይ? መጨረሻው ኢ ነው ዩ? ስለዚህ አንድ ወረቀት ይውሰዱና ስሙ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ያስፍሩ፤ ከዐሥር ካነሰ ገና አልጨረሱም። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ስሙን ጮክ ብለው ጠርተውለት እንዲጽፈው ቢያደርጉ ጸሐፊው የሰማውን ዓይነት ያገኛሉ። እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው።

በቁጥር ፬ የማነሣቸው የኢንተርኔት መፈለጊያ ገጾች በዚህ በኩል ያግዛሉ። በአብዛኞቹ የኮከብ ምልክት የማንኛውንም ያህል ፊደላት ቦታ፣ የጥያቄ ምልክት የአንዲት ፊደልን ቦታ ይይዛል። ከዚህም የተሻለ አንድ ዘዴ አለ፦ የቤተሰብ ስሙን ቦታ ባዶ ትተው የራሱን ስምና የትውልድ አገሩን «ኢትዮጵያ» ብቻ ያስገቡ። አሜሪካዊ ስም ቢሆን በሺህ የሚቆጠር ውጤት ይጎርፋል፤ የእኛ ስም ግን እዚያ ብርቅ ስለሆነ ዝርዝሩ አጭር ይሆናል። ለጥንቱ ዘመን «አቢሲኒያ» ብለውም ይሞክሩ።

ሚስትና ልጆችንም አይርሱ። ሚስቱ በእኛ ልማድ የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀር ባልና ሚስቱ በመዝገብ ላይ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ልጆቹ በአገራችን ወግ ከተሰየሙ የእሱ የራሱ ስም የቤተሰብ ስማቸው ይሆናል፤ በአሜሪካ ወግ ከሆነ ደግሞ የአባቱን ስም ይዘዋል። በሁለቱም ይፈልጉ።

፫. የልደት ቀኑን አይመኑ

የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚለያይ ሁላችንም እናውቃለን፤ መዝገቡ ላይ ግን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለ። አንዳንዱ በትክክል ተቀይሯል። አንዳንዱ የኢትዮጵያው ዓመት እንዳለ ተገልብጦ በስምንት ዓመት ያረጀ ሰው ፈጥሯል። ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል፤ በየካምፑ ያለፉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ አንድ ቀን የተወለዱ የሚመስሉት ለዚህ ነው። የአጎቴ ወረቀት ጃንዋሪ 1 ቀን 1944 ይላል። 1944 በእኛ አቆጣጠር የተወለደበት ዓመት ነው፤ በእነሱ 1951 ወይም 1952 መሆን ነበረበት። ስትፈልጉ ከዚህም ከዚያም ዐሥር ዓመት ክፍት ተዉት።

፬. በነጻ ከሚገኘው ይጀምሩ

ፋሚሊሰርች በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው የትውልድ መዝገብ ገጽ ነው። መለያ ከፍቶ መግባት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ክፍያ የለውም፤ ሃይማኖትም አይጠይቅም። አንሰስትሪ የተባለው ገጽ በክፍያ ነው፤ ሆኖም በአሜሪካ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለተጠቃሚዎቻቸው በነጻ ይከፍቱታል። እዚያ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ እንዲፈልግልዎት ይለምኑት።

ሰውየው ሞቶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ደስ አይልም፤ ግን መዝገብ የሚከፈተው ከሞት በኋላ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ (ለየሰው የመለያ ቁጥር የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና) የሞት ማውጫ በፋሚሊሰርች ላይ በነጻ ይገኛል። በአብዛኛው ከ1962 ወዲህ የሞቱትን ይዟል፤ ነጻው ቅጂ እስከ 2014 አካባቢ ድረስ ነው። (እነዚህም ከዚህ ወዲህ የማነሣቸውም ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በማውጫው ላይ ከስምና ከቀን ሌላ ቁጥሩ የተሰጠበት ክፍለ ግዛት ተጽፏል። እስከ 2011 ድረስ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች ከክፍለ ግዛት ጋር የተያያዙ ነበሩ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ለስደተኛ ግን አገር ሲገባ መጀመሪያ ያረፈበትን ቦታ ይነግርዎታል። የአጎቴ ቁጥር የወጣው ፖስት ካርዱ ከተላከበት ክፍለ ግዛት ነበር። የሞተው ሌላ ቦታ ነው።

ማውጫው ላይ ስሙን ካገኙ ለሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ጽፈው ሟቹ ቁጥር ሲጠይቅ የሞላውን ቅጽ ቅጂ መጠየቅ ይቻላል። ክፍያ አለው። ቅጹ ኤስ ኤስ አምስት ይባላል፤ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የእናት ስም ይዟል። የወላጆቹ መሞት በማስረጃ ካልታየ ስማቸው ተሸፍኖ ሊመጣ ስለሚችል ያለዎትን ማስረጃ አያይዘው ይላኩ።

መቃብር ለመፈለግ ፋይንድ ኤ ግሬቭ የተባለው ገጽ አለ። በጎ ፈቃደኞች የመቃብር ድንጋይ ፎቶ እያነሱ ይጭኑበታል፤ ፎቶ የሌለው መቃብር ካገኙም በአካባቢው ያለ በጎ ፈቃደኛ እንዲያነሳ መጠየቅ ይችላሉ። የኢትዮጵያውያን መቃብር ላይ ብዙ ጊዜ አማርኛ አለ፤ መፈለጊያው የሚያውቀው ግን በላቲን የተጻፈውን ነው።

የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶችና ጋዜጦች የሚያወጡት የሞት ማስታወቂያ ከሁሉ የበለጠ ወሬ ያለበት ነው። «የሚያዝኑለት» በሚለው አንቀጽ ልጆች፣ እኅቶች፣ የሚኖሩበት ከተማ ጭምር ይዘረዘራል። በተራ መፈለጊያ ገጽ የስሙን አንድ ክፍል፣ «ኢትዮጵያ» እና የሞት ማስታወቂያ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ላይ አስገብተው ይሞክሩ።

የሞት ምስክር ወረቀትን በተመለከተ ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ይሰጣል። ወረቀቱ እጅዎ ከገባ ግን ዓይንዎ መጀመሪያ ወደ አንዲት መስመር ይሂድ፤ መረጃውን የሰጠው ሰው ስምና ከሟቹ ጋር ያለው ዝምድና የተጻፈባት ናት። ያ ሰው በሐዘኑ ቀን በቢሮው የነበረ፣ ምናልባትም ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ነው። እኔ የአጎቴን ልጅ ያገኘሁት በዚያች መስመር ነው።

፭. ተማሪ ነበር ወይስ ስደተኛ?

በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ሄዶ የቀረ ሰው ዱካው በዩኒቨርሲቲ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የተማሪዎቻቸውን ፎቶ የያዘ መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ከእነዚህ እጅግ ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲዎቹ ገጾችና በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይነበባሉ፤ በውስጣቸውም በቃል መፈለግ ይቻላል። «አዲስ አበባ» የሚለውን በላቲን አስገብተው ይፈልጉ። የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ከሆነ ኦክላሆማን አይዝለሉ፤ የዓለማያን ኮሌጅ ያቋቋመው የዚያው ክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ስለነበር ብዙ የእኛ ልጆች ወደዚያ ተልከዋል። የምረቃ መርሐ ግብሮችና የተማሪ ጋዜጦችም እንዲሁ ይጠቅማሉ። የዶክትሬት ጽሑፍ ጽፎ ከሆነ በጽሑፉ መጨረሻ አጭር የሕይወት ታሪክ ሊገኝ ይችላል፤ ምስጋናው ላይ ደግሞ የሚስትና የወንድም ስም አይጠፋም።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት የሄደ ከሆነ የመርከብና የአውሮፕላን መንገደኞች ዝርዝር አለ። በኒው ዮርክ የገቡት ዝርዝር እስከ 1957 ድረስ በፋሚሊሰርችና በኤሊስ አይላንድ ፋውንዴሽን ገጽ ይገኛል። የ1950 የሕዝብ ቆጠራ በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል፤ ቆጠራው ለ72 ዓመት ስለሚዘጋ ቀጣዩ የሚከፈተው በ2032 ነው።

በደርግ ዘመን በሱዳን ያለፈ ስደተኛ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ የስደተኞች ሕጓን ያወጣችው በመጋቢት 1980 ነው፤ ከገዳሪፍ፣ ከከሰላና ከካርቱም ብዙዎቹ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የግለሰብ መዝገብ ለማንም አይከፈትም። ስለዚህ ዐይንዎን ወደ ዜግነት መዝገብ ያዙሩ።

፮. የዜግነት መዝገብ

ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ወደ ገባበት ቀን ተመልሶ ስለሚቆጠርለት፣ ከገባ ከአምስት ዓመት በኋላ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። በ1981 የገባ ሰው ከ1986 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ቢፈለግ መልካም ነው። እስከ 1991 ድረስ ዜግነት የሚሰጠው ፍርድ ቤት ስለነበር ማመልከቻዎቹ በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶቹ መዝገብ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅርንጫፎች የሚሄድ ነው። ቅርንጫፎቹ በክልል የተከፋፈሉ ስለሆነ ሰውየው የት ይኖር እንደነበር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ቦታ አለ፦ አመልካቹ ዜግነት ሲያገኝ ስሙን መለወጥ ከፈለገ እዚያው ይጽፈዋል። የሚፈልጉት ሰው በድንገት ከመዝገብ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ የውጭ ሰው የሚከፍተው ፋይል ኤ ፋይል ይባላል። በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት በኢንተርኔት ይጠየቃል። በሕይወት ላለ ሰው የራሱ ፈቃድ፣ ለሞተ ሰው የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ፋይሉ ሲገኝ ቃለ መጠይቅ፣ ፎቶግራፍ፣ በዘመድነት የተጠቀሱ ሰዎች ስም ሊኖረው ይችላል። መልሱ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ማመልከቻዎን አስገብተው ሌላውን ሥራ ይቀጥሉ።

፯. የአውራጃው ጽሕፈት ቤት

በአሜሪካ ጋብቻ፣ የቤት ሽያጭና ውርስ የሚመዘገበው በአብዛኛው በአውራጃ ደረጃ ነው። ብዙ የእኛ ሰው ባለበት በላስ ቬጋስ፣ የክላርክ አውራጃ የጋብቻ መዝገብ በስም በነጻ ይፈለጋል። የሜሪላንድ የመሬትና የቤት ሰነዶችም መለያ ለከፈተ ሰው በኢንተርኔት ይታያሉ። የቤት መግዣ ሰነድ ላይ ብዙ ጊዜ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ የሚስቱን ስም የማያውቁ ከሆነ እዚህ ሊያገኙት ይችላሉ።

፰. በሕይወት ካለ

ሕያዋንን በመዝገብ ከመፈለግ በሰው መፈለግ ይቀላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ያገናኛል፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው። የተገኘው ሰው ካልፈቀደ አድራሻው አይሰጥም፤ ይህም ተገቢ ነው። አለመገኘትን የመረጠ ሰው አለ።

ከዚያ በተረፈ በከተማው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ እድሩን፣ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማኅበሩን ይጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁ የክርስትና ስሙን ይዘው ይሂዱ፤ ሰውየውን በመዝገብ ስሙ የማያውቁት ካህን በክርስትና ስሙ ሊያውቁት ይችላሉ። በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓልም ከ1984 ጀምሮ የጠፋ ሰው ሲገናኝበት የኖረ ቦታ ነው።

፱. አውሮፓና እስራኤል

በእንግሊዝ ዜግነት ያገኙ ሰዎች ስም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በለንደን ጋዜት ይወጣ ነበር፤ ጋዜጣው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት በነጻ ይፈለጋል። በስዊድን የነዋሪዎች መዝገብ በመርሕ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የግብር መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን፣ በ1984ና 85 በሙሴ ዘመቻም ሆነ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ሲደርሱ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም የሆነባቸውም ብዙ ናቸው። እነሱን ስትፈልጉ ከራስ ስም ይልቅ በአያት ስም ጀምሩ።

ስለ ዘረ መል ምርመራ ይጠይቁኛል። ይረዳል፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። የተመረመረ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ስለሆነ የሚመጣው ዝርዝር በአብዛኛው የሩቅ ዘመድ ነው። ወንድማማቾች የወለዷቸው ልጆች ከስምንት አንድ ያህል የጋራ ዘረ መል ስላላቸው፣ እዚያ ያለው ልጅ ተመርምሮ ከሆነ ግን አያመልጥዎትም። ወረቀቱ ሲያልቅብዎት ይሞክሩት።

፲. የመጀመሪያው ስልክ

ስልኩን ከመደወልዎ በፊት አጭር ደብዳቤ ይላኩ። ከአፍሪካ የሚደወል የማይታወቅ «ዘመድ» በብዙዎች ዘንድ ገንዘብ ፈላጊ ነው፤ ልንቀየምበት አይገባም። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ውርስ አንዲት ቃል አይጻፉ። የፎቶግራፉን ቅጂ ያያይዙ፤ ሌላ ሰው ሊያውቀው የማይችል ነገርም ይጥቀሱ። እኔ የአያቴን የክርስትና ስም ጻፍኩ።

የአጎቴ ልጅ መልስ የሰጠችኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አማርኛ አትችልም። አባቷ ስለ ቤተሰቡ ብዙ እንዳልነገራት፣ የአያቷን የክርስትና ስም ግን በጸሎቱ መሐል ሲጠራ ትሰማ እንደነበር ጻፈች። በመጨረሻ የቤተሰብ ስሟ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። «ገብረ»ን ከፊቱ ጨምሬ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ጽፌ ላክሁላት።